«ያልታየ» የሚባለው ፎልደር

አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ ማውስ ሁለት ጊዜ መጫን አልለመደም። አንዴ ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ ከዚያ አምስት ጊዜ አከታትሎ ይወግረዋል። አምስት መስኮት ይከፈታል። «ሐምሪ፣ ይሄ ነገር ተበላሸ!» ይላል። አልተበላሸም። አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ደውሎ፣ «አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ያሉትን የጋሼ አያሌው ቪዲዮዎች ወደ አዲሱ ቲቪ አዛውሪልኝ፣ ሉሊት ትያቸው» አለኝ። ሉሊት ታናሽ እህቴ ናት፤ ዘንድሮ አሥር ሞላት። «ደግሞ በሥርዓት አድርጊያቸው» ብሎ ጨመረበት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ትንሽ ጮህኩ። እነዚያን ቪዲዮዎች አንዴ በሥርዓት አድርጌያቸዋለሁ። ያኔ እኔም አሥር ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ሰሞን ተናድጄም አላውቅም።

ጊዜው 2021 ነው፣ የኮቪዱ ዘመን። የምንኖረው ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ የአንድ አሮጌ የጡብ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ደጀን ኒው አልባኒ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እናቴ ፋናዬ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚታመሙበት መጦሪያ ትሠራ ነበር፤ በፌብሩዋሪ ግን ሐኪሟ «ሥራ አቁሚና ተኚ» አላት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የደም ግፊቷም አልወርድ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳሎን ሶፋው ላይ በግራ ጎኗ ተኝታ መዋል ሆነ ሥራዋ። ለእኔ የተነገረኝ «እማዬ ደክሟታል» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጽንስ በአምስተኛ ወሩ እንደወጣባትም ማንም አልነገረኝም፤ ያኔ የተባልኩት «ሆዷን አሟት ነው» ነው። በእኛ ቤት ለልጅ ነገር አይነገርም። ለልጅ የሚነገረው «ላፕቶፑን አምጪ» ነው።

ጋሼ አያሌው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ቶሎ ስለሞተ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ድሮ የላካት እሱ ነው። የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ፊልድ ነው የሚውለው፣ ኔትወርክ በሌለበት። ስለዚህ ስልክ አይደውልም። ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ከተማ ሲገባ ስምንቱንም አሥሩንም ባንዴ በቴሌግራም ይለቀዋል። ሁሉም «ፋኒዬ፣ አየሽ?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ግሬደሩን ያሳያል። የግሬደሩን ሹፌር ያስተዋውቃል። የሹፌሩን ረዳት ያስተዋውቃል። ከዚያ ድንጋይ ያሳያል፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ግማሹን ጊዜ አውራ ጣቱ ሌንሱ ላይ ነው። አባቴ «ይኼ ሰውዬ ለድንጋዩ ነው ለሰው የሚቀርጸው?» ይላል፣ እናቴም ትስቃለች። ነገር ግን ደብል ሺፍት ስለምትሠራ ከሦስቱ አንዱን ብትከፍት ነው። የቀረው ተጠራቅሞ ስልኳን ሲሞላው አባቴ ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ከስልኳ አጠፋው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቪዲዮ። ቁጥሩን የማውቀው የሁሉንም ስም በእጄ ስለቀየርኩ ነው።

እንዲህ ነው የተጀመረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሥራ መጣና ጃኬቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፈተ።

«ነይ እስቲ። ያቺ ቪዲዮ ማጫወቻ የት ናት? ብርቱካንማ ቆብ ያላት?»

«ኢትስ ኖት ኤ ሃት፣ ዳድ። ኮን ናት፣ የመንገድ ኮን።»

«እሺ፣ ኮንዋን ክፈቻት።»

ከፈትኩለት። አንዱ ቪዲዮ መጫወት ሲጀምር ከሥሩ ረጅም ስም ብቅ አለ፣ ለጥቂት ሰከንድ፦ «ቪዲዮ»፣ ከዚያ 2019፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ ሰዓቱ። አባቴ የተነደፈ ይመስል ወደ ኋላ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚጻፈው?»

«የፋይሉ ስም ነዋ። ቴሌግራም ቀኑን ነው ስም የሚያደርገው።»

«ቲቪ ላይም ይወጣል?»

«ይወጣላ።»

«አጥፊው።»

ማጥፊያ አለው፤ አሳየሁት። ማጫወቻው ውስጥ ገብተሽ አንድ ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። አባቴ ግን በሳጥን አላመነም። «ነገ ተነስቶ ራሱን ቢያበራስ? ስሙን ቀይሪው። የሁሉንም። ቀን የሚባል ነገር እንዳላይ።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው እኮ!»

«ታዲያ ምን አለብሽ? ትምህርቱ እንደሆነ እዚሁ ሶፋ ላይ ነው።»

ቀየርኩ። አያሌው አንድ፣ አያሌው ሁለት፣ አያሌው ሦስት። አያሌው ሰባ ላይ ስደርስ ጣቴን አመመኝ። ሲያልቅ «ጨረስኩ» ብዬ ላፕቶፑን ገፋሁለት። እሱ ደግሞ መልሶ ገፋልኝ። እናቴ ያየችውን «የታየ»፣ ያላየችውን «ያልታየ» በሚል ሁለት ፎልደር ለዪልኝ አለ። ለየሁ። ከዚያ «ካልታየው ውስጥ ዝናብ ያለበትን አውጪ» አለ። አወጣሁ። «እንኳን ለመስቀል፣ እንኳን ለፋሲካ የሚልበትን አውጪ።» አወጣሁ። «ማስክ ያላደረገ ሰው ያለበትን አውጪ።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ዳድ፣ በቪዲዮ ኮቪድ አይዝም!»

«አውጪ አልኩሽ እኮ!»

አባቴ ያኔ ከገበያ የመጣ ቲማቲም በሳሙና የሚያጥብ ሰው ነበር፣ ስለዚህ በቪዲዮም የሚፈራ መስሎኛል። እያንዳንዱን ከፍቼ፣ ድንጋዩን ሁሉ አይቼ፣ ረዳቱን ሁሉ ተዋውቄ፣ አፍ ያልሸፈነውን አወጣሁ። በመጨረሻ «ያልታየ» ውስጥ አሥራ አራት ቀረ። አባቴ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር ቆጠረ። «ይበቃል» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ጃኬቱን አወለቀ።

ጋሼ አያሌው የሞተው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው፣ በኮቪድ። አባቴ በማግስቱ ሰማ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ፣ ያውም አንዱ ለወጣባት፣ ጭራሽ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ እስኪነግራት ድረስ፣ ማለትም ልጁ እስኪወለድ ድረስ፣ አባቴ ሟቹን ሊያኖረው ወሰነ። በየእሁዱ አንድ ቪዲዮ፣ «ዛሬ የመጣ» ተብሎ። አሥራ አራት እሁድ። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው አባቴ እኔን ለማናደድ የተፈጠረ መሆኑን ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ገመዱን ከላፕቶፑ ወደ ቲቪው እሰካለሁ። አባቴ እጁን እያሻሸ፣ «ጋሼ አያሌው ሹፌር አግኝቶ አንድ ልኳል አሉ፣ እስቲ ዛሬ ደግሞ ምን ይለን ይሆን» ይላል። «ፋኒዬ፣ አየሽ?» ይላል ቲቪው። እናቴ ከሶፋው ላይ፣ «አየሁ ጋሼ፣ አየሁ» ብላ ትመልስለታለች፣ የሚሰማት ይመስል። ለሦስት ደቂቃ ፊቷ ይበራል። ያልቃል። «አንድ ሌላ የለም?» ትላለች። አባቴ «ለሳምንት» ይላል። እኔ ደግሞ ሌላ አሥራ ምናምን እንዳለ አውቃለሁ! በገዛ እጄ ነው የለየሁት! ቲቪውን አጥፍቶ እየተጣደፈ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ብዙ ይቆያል። እጁን እየታጠበ መስሎኝ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ሰው እጁን ይታጠብ ነበርና።

እናቴ የጋሼ አያሌው ሚስት መስከረም ዘንድ ስትደውል፣ ሴትዮዋ ሁለት ቃል ትናገርና ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ኔትወርኩ ነው» ይላል አባቴ። እኔም ኔትወርክ ነው ብዬ አምን ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጁነዲን አባቴን ከሥራ አድርሶት ታች ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ በመስኮት ሰማሁ። ጁነዲን የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነው፤ በአንድ ዓመት በዲቪ መጥተው በአንድ መኪና ኒው አልባኒ ይመላለሳሉ። ሁለቱም ማስክ አድርገው ስለሚጮሁ እላይ ድረስ ይሰማል።

«ስንት ቀረህ?»

«ዘጠኝ።»

«ትበቃሃለች?»

«ካልቀደመችኝ ትበቃለች።»

«ድንገት ብታየውስ?»

«አታየውም። ከስልኳ አጥፍቼ ላፕቶፑ ላይ ኢንሹራንስ ብዬ ነው ሴቭ ያደረግኩት፣ ማን ይከፍተዋል?»

«አላህ ያግዝህ ወንድሜ። ከባድ ነው።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፦ አባቴ ቀንቷል። እናቴ ለወንድሟ የምትስቀውን ያህል ለእሱ ስለማትስቅ ቪዲዮዎቹን እየቆጠረ ይሰጣታል፣ ጁነዲንም ያበረታታዋል። ቅናት ምን እንደሆነ እናቴ ከምታያቸው ድራማዎች ተምሬ ነበር። ደረጃውን ሲወጣ ሰላም ሳልለው ክፍሌ ገባሁ።

በኤፕሪል አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ማንዳቶሪ ኦቨርታይም፣ የግድ ትርፍ ሰዓት ተብሎ ዌርሃውስ ቀረ። እኔ ክፍል በላፕቶፕ ጨርሼ ስወጣ እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል።

«አሞሻል እማዬ?»

«አላመመኝም። ሐምሪ፣ ስንቱን ሳልከፍትለት ቀረሁ መሰለሽ። እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይቀርጻል፣ እኔ ደክሞኛል እያልኩ እተኛለሁ። አሁን ተኝቼ ስውል ደግሞ በሳምንት አንድ ብቻ ሆነ።»

በቃ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ገመዱን ሰካሁ፣ ኮንዋን ከፈትኩ። «ዌይት፣ እማዬ። ሰርፕራይዝ» አልኳት። አንድ በአንድ መምረጥ ሰልችቶኝ ስለነበር የቪዲዮውን ፎልደር እንዳለ ጎትቼ ማጫወቻው ላይ ጣልኩት። ማጫወቻው ከፎልደር ውስጥ ፎልደር ቢኖር ጠልቆ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፤ አባቴ ይህን አያውቅም። «ኢንሹራንስ» ብሎ የደበቀውን እዚያው ከሌሎቹ ጋር ነው የተወው። ሌላም የማያውቀው ነገር አለ፤ ስም ቢቀየር ፋይሉ ቀኑን ውስጡ ይዞ ይኖራል። እኔ ይህን ማወቄ ያኮራኝ ነበር። አዲሱ ከላይ እንዲሆን በቀን ደረደርኩትና የመጀመሪያውን ተጫንኩ።

«ፋኒዬ፣ አየሽ?» አለ ጋሼ አያሌው።

እንደ ወትሮው አልቆመም፤ ተኝቷል። ትራሱ ነጭ ነው። በአፍንጫው በኩል ቀጭን ክር አልፎ ከጆሮው ኋላ ይሄዳል። ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረ፣ ማራገቢያውን አሳየን። ከዚያ አጠገቡ ያለውን አልጋ አሳየን። «ይሄ ቶሎሳ ይባላል፣ ጎረቤቴ ነው» አለ፤ ቶሎሳ የሚባለው ሰውዬ እጁን ትንሽ አነሳ። ፊልድ ላይ አዲስ ድንኳን የተሰጣቸው መሰለኝ። ክሩ ደግሞ የስልክ ኢርፎን መሰለኝ፣ አደራረጉን ያላወቀበት። «ጋሼ ኢርፎኑን በአፍንጫው አደረገው» ብዬ ሳቅሁ። ድምፁ ከአፉ ትንሽ ዘግይቶ ነበር፤ ማስተካከያውን አውቀው ስለነበር እሱን መነካካት ጀመርኩ። እናቴ አልሳቀችም።

ጋሼ አያሌው ስልኩን ወደ ፊቱ መለሰ። አውራ ጣቱ ሌንሱ ላይ የለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቱ ታየ። ተነፈሰ። «ፋኒዬ» አለ፣ «አሁን የምልሽን ሳታቋርጪ ስሚኝ።»

«አቁሚው» አለች እናቴ።

«ዋት? ገና ነው እኮ...»

«ሐምሪ፣ አቁሚው!»

አቆምኩት። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ቲቪው ላይ ጋሼ አያሌው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ይሄ መቼ የተቀረጸ ነው?» አለችኝ፣ በቀስታ።

አባቴ ሁለት መቶ ጊዜ ያስጠፋኝ ቀን ይኸው ተፈለገ። በኩራት የፋይሉን መረጃ ከፈትኩ። «ጃንዋሪ ሃያ ስድስት።»

«ከዚያ በኋላ የተቀረጸስ?»

«የለም። ኢትስ ዘ ኒውስት ዋን።»

ፊቷን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዙራ መተንፈስ ጀመረች፣ በአፍንጫ አስገብታ በአፍ እያስወጣች፣ በእንግሊዝኛ እየቆጠረች። ነርሷ ለምጥ ብላ ያስተማረቻት አተነፋፈስ ነው። ደህና፣ እየተለማመደች ነው ብዬ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ብዙ ቆጠረች። ስትጨርስ ውሃ ጠየቀችኝ፣ ሙሉ ብርጭቆ ጠጣች፣ እጄን ያዘች።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

«ማየታችንን?»

«ማየታችንን። በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር፣ እሺ?»

ደስታዬን አልቻልኩትም። እናቴ ከእኔ ጋር ወግና በአባቴ ላይ ምስጢር ያዘች! በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን እንደተነገረኝ አለማወቄ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት እሁዶች ለእኔ ጨዋታ ሆኑ። አባቴ እጁን እያሻሸ «ዛሬ ደግሞ ምን ልኮልሽ ይሆን» ሲል እናቴን በዓይኔ ፈልጌ እጠቅሳት ነበር። እሷ አትጠቅሰኝም፤ ቲቪውን ብቻ ታያለች። «አየሁ ጋሼ፣ አየሁ» ትላለች። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ትስቃለች፤ ድንጋዩ ላይ ሁሉ ትስቃለች። «አንድ ሌላ» ማለት ግን ተወች።

በሜይ መጀመሪያ አንዱ እሁድ ጉድ ሊፈላ ነበር። አንዱን ፋይል ስሙን ሳልቀይር አልፌው ኖሯል፤ ሳጥኑን ደግሞ ማጥፋቱ ቀርቶ ነበር፣ ማን አምኖበት! ቪዲዮው ሲጀምር ቲቪው ሙሉ «2020» ብሎ ጻፈ፣ ከነወሩ ከነቀኑ። አባቴ ከወንበሩ ዘሎ ቲቪው ፊት ቆመ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ኳስ የሚጠብቅ በረኛ ይመስል። «ኧረ ይሄ ስክሪን ቆሽሿል» አለና በሹራቡ እጅጌ ይፈትገው ጀመር። በቲቪው ብርሃን ላብ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ። ዞሬ እናቴን ሳያት ጭራሽ ወደ ቲቪው አልዞረችም። ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሷን ታስተካክላለች። ቆይታ፣ ጽሑፉ ከጠፋ በኋላ ቀና አለች።

«ምነው ደጄ፣ ጋረድከኝ እኮ» አለችው።

«ይቅርታ ፋኒ፣ ይቅርታ። አቧራ ነው።»

ያን ቀን አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንዴት እንደጮኸብኝ አልረሳውም። «አንድ ሥራ ሰጠሁሽ! አንድ ሥራ!» አለቀስኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ማን ያመስግን?

ሉሊት በሜይ መጨረሻ ተወለደች፣ ዳውንታውን አጠገብ ባለ ሆስፒታል። በሰላም። አባቴ ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ ቆሞ ደወለልኝና መናገር አቅቶት ስልኩን ለጁነዲን ሰጠው። ልጅ ሲወለድ ወንድ እንደዚህ እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር።

ከአራት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ዓርብ፣ እናቴ ሳሎኑን ገለባበጠችው። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋች፣ ከታች ጎረቤት ታጣፊ ወንበሮች አስመጣች፣ ፀጉሯን ተጎነጎነች። አባቴ ከሥራ ሲገባ ደነገጠ። «ሰው ትጠብቂያለሽ እንዴ?»

«ማንን እጠብቃለሁ? ቤቱ ጠቦኝ ነው።»

በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጁነዲን፣ እትዬ እናናዬ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች፣ ሁሉም ማስክ አድርገው። እትዬ እናናዬ ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጥ፣ በደስታም በሐዘንም የምትጠራ ሴት ናት። ገብታ ሰላም እንኳ ሳትል ሉሊትን ከእናቴ እቅፍ ወሰደቻት። እናቴ ልብሷን ለብሳ፣ ጡት አጥብታ ጨርሳ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እህቴ ፋናዬ» አለ ጁነዲን፣ «ወንድምሽ ጋሼ አያሌው ካረፈ አምስት ወር ሆነው። እንዲህ ያደረግነው ለአንቺ ብለን ነው።»

እናቴ የጮኸችውን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። «ወንድሜ! አየሁ ጋሼ! አየሁ!» እያለች ደረቷን መታች። አባቴ ሊይዛት ተነሳ፣ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በመጨረሻ እናቴ ናት እሱን ያቀፈችው።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሁሉንም ገጣጠምኩት። ቀኑን፣ ዝናቡን፣ ማስኩን፣ ኢርፎኑን። ኢርፎን አልነበረም። ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ጁነዲን፣ እትዬ እናናዬ፣ አዲስ አበባ፣ ኮሎምበስ፤ ሥራውን የሠራሁት እኔ ብቻ አላውቅም። ተናደድኩ፤ በለቅሶ ቤት መናደድ ነውር መሆኑን እያወቅሁ ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ያን ማክሰኞ ቪዲዮውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። አንድ ደቂቃ ቢጨምር ሉሊትን ልገድላት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ አልገባትም አልኩ። ለእኔ ካልገባኝ ለእሷም አልገባት ይሆናል። ይህን ለማንም ሳልናገር አሥር ዓመት ይዤው ኖርኩ።

አባቴ በበኩሉ ምስጢሩን ከያዘበት ጊዜ ይልቅ ካወጣው በኋላ ነው ያስቸገረን። በየልደቱ፣ በየሠርጉ ያወራዋል። «አምስት ወር! አንዲት ቀን ሳትጠረጥር!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እናቴ ሳህን ታነሳለች።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ያን ላፕቶፕ ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ ቻርጀር ላይ ሰካሁት፣ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ኮንዋ እዚያው ናት። አያሌው አንድ፣ አያሌው ሁለት። «ኢንሹራንስ»ም አለ። ከፈትኩት። ቪዲዮው ከመጀመሪያው መጫወት ሲጀምር ከላይ አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፦ ባለፈው ካቆሙበት ልቀጥል?

ትዝ አለኝ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ላይ ነው የቆመው። ቪዲዮው አራት ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያው አየሁት፤ ትራሱን፣ ቶሎሳን፣ ክሩን። አሁን ሃያ ዓመቴ ነው። ያንን ክር ኢርፎን ነው የሚል ትልቅ ሰው የለም። «ፋኒዬ፣ አሁን የምልሽን ሳታቋርጪ ስሚኝ» ሲል እኔም እጄ ቀድሞ አቆመው።

እናቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። «እማዬ» አልኳት፣ «ያን ማክሰኞ ገብቶሽ ነበር እንዴ?»

የትኛው ማክሰኞ አላለችም። «ነርሲንግ ሆም የሠራሁ ሰው ነኝ እኮ። ያን ክረምት ስንቱ አፍንጫ ላይ አድርጌዋለሁ። ኦክስጅን መሆኑን አጣዋለሁ?»

«እና ዝም አልሽ? ሁለት ወር?»

«ካወቅሁ ማልቀስ ሊኖርብኝ ነው። ሉሊት ሆዴ ውስጥ ነበረች።»

«እሺ ከተወለደች በኋላስ? ለአባዬስ? እስከ ዛሬ ሳትጠረጥር እያለ ሰው ፊት...!»

«አባትሽ» አለች ቢላዋውን አስቀምጣ፣ «አሥር ሰዓት ሠርቶ እየመጣ፣ በየእሁዱ እየፈራ፣ እየሳቀ አዳነኝ። አውቄ ነበር ብዬ ድካሙን ልቀማው?»

«እኔ ነኝ ስሙን የቀየርኩት!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት መቶ አሥራ አራት! አንቺ ካወቅሽ ለምንድን ነው...» ስትስቅ አየኋት፣ ከዚያ የምትስቅ አልመሰለኝም።

«ቀሪውን አየሽው?» አለችኝ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

«አላየሁም። ላምጣልሽ?»

«ተይው።» ቢላዋውን መልሳ አነሳች። «እስካልሰማሁት ድረስ ገና የሚነግረኝ ነገር አለው።»

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። አባቴ የአዲሱን ቲቪ ሪሞት ይዞ ይታገላል። ሲያየኝ ሪሞቱን አስቀመጠና ወደ ወጥ ቤቱ በር ገልመጥ አድርጎ ጠጋ አለኝ።

«ያቺን ኢንሹራንስ የምትለዋን አውጪያት» አለ በሹክሹክታ። «ሉሊት ትያቸው ስል እናትሽም አብራ ታያለች። እሷን አይታት አታውቅም። ትጎዳለች። አደራ ሐምሪ።»

አፌ ድረስ የመጣውን ነገር ሁሉ ዋጥኩት።

«እሺ አባዬ» አልኩት። ፋይሏን ከነበረችበት አውጥቼ ባዶውን ቀርቶ ወደነበረው «ያልታየ» ፎልደር አዛወርኳት፣ ብቻዋን። የእሷን ስም ብቻ አልቀየርኩም።